የሻምፒዮኖች ዝርዝር እንዴት ይነበባል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ሻምፒዮናና ስለ ታችኛው እርከን ውድድር አዘገጃጀት የቀረቡ ናቸው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ አባቴ «የድሬዳዋ ቡድን አራት ዓመት በተከታታይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር» ይላሉ። ልጄ ደግሞ ይስቅባቸዋል፤ የሊጉን ታሪክ ስልኩ ላይ አይቶ የድሬዳዋ ስም አንድም ቦታ የለም ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ አባትዎን። ከ1954 እስከ 1957 አራቱም ዋንጫዎች ድሬዳዋ ገብተዋል፦ የ1954ን፣ የ1955ንና የ1957ን ኮተን፣ የ1956ን ደግሞ ሌላው የድሬዳዋ ቡድን ኢትዮ ሲሚንት ወስደዋል። ኮተን ከዚያ በፊት የ1952ቱን ነበረው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የ1975ቱን ጨመረ። ለኮተን ብቻ አምስት ዋንጫ ማለት ነው። «ኮተን» የተባለው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው፤ የከተማው ስም በክለቡ ስም ውስጥ ስለሌለ ልጅዎ «ድሬዳዋ» ብሎ ሲፈልግ ቢያጣው አይደንቅም።

ልጅዎም ፈጽሞ አልተሳሳተም። ስልኩ ላይ ያየው ምናልባት ፕሪሚየር ሊጉ በአሁኑ መልኩ ከተጀመረበት ከ1990 ወዲህ ያለውን ብቻ ይሆናል። በዚያ ውስጥ ድሬዳዋ የለችም። ከ1990 በፊት የነበረው ሻምፒዮና በብዛት ክፍለ ሀገራቸውን ወክለው የመጡ ቡድኖች የሚገናኙበት ውድድር ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር በደርሶ መልስ እየተገናኘ ወራት የሚፈጅ ሊግ አልነበረም። ሁለቱን ዘመን በአንድ ዝርዝር መደርደር ይቻላል፤ መሃላቸው ላይ መስመር ማስመር ግን ግድ ነው።

የድሮው ዝርዝር የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ቴሌ በ1951፣ በ1961 እና በ1962 አሸነፈ። ምድር ባቡር የ1969ኙን ወሰደ። የፖሊሱ ኦሜድላ በ1971 ተከተለ። የጦር ሠራዊቱ ቡድን ከ1943 እስከ 1946 አራት ዓመት ማንንም አላስጠጋም። በአጭሩ፣ የሻምፒዮኖቹ ዝርዝር የአሠሪዎች ዝርዝር ነው። ተጫዋቹ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነበርና ደመወዙን የሚያገኘው ከዚያው ነው፤ ልምምድ የሚወጣው አለቃው ሲፈቅድለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ገንዘብና ሰው ሲኖረው ቡድኑም ይጠነክራል፣ ፋብሪካው ሲዳከም ቡድኑ አብሮ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የከተሞች ተራ መጣ፦ ሀዋሳ፣ ጅማ፣ መቐለ፣ ጎንደር። አሁን ደግሞ በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን ሻምፒዮን ሆነዋል። ማን ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ያኔም ዛሬም ዋንጫው የት እንደሚሄድ ከአሠልጣኝ ስልት ባላነሰ ይወስናል።

ለአባትዎ አንድ ማሟያ፦ በጥር 1954 ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። የአሥመራው ልጅ ሉቺያኖ የኮተንን ማሊያ ለብሶ የተጫወተ ሰው ነው። በዚያ ጨዋታ ተክሌ፣ ሉቺያኖ፣ ወንድሙ ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አገቡ። ልጅዎን ይህንን ይጠይቁት፤ ይኼኛው ስልኩ ላይ አለ።

ጥያቄ (ከአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ)፦ የሻምፒዮኖችን ሰንጠረዥ ከፈረንጆቹ ዓመት ወደ እኛ እየመለስኩ ለማኅበራችን መጽሔት አዘጋጅቼ ነበር። አንድ የጅማ ልጅ ደውሎ «ዋንጫችንን ለጊዮርጊስ ሰጠህብን» አለኝ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሰባት ቀንሰው ነው። ስህተቱ የተለመደ ስለሆነ ሙሉውን እናሳይ።

የእኛ ሊግ በመስከረም ወይም በጥቅምት ይጀምርና በሰኔ አካባቢ ያበቃል። ስለዚህ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ያርፋል። በፈረንጆቹ ግን ሁለት ዓመት ይነካል፤ ለዚህ ነው «2017/18» እያሉ የሚጽፉት። ከመጀመሪያው ቁጥር ሲነሡ 7 ይቀንሱ፤ ከሁለተኛው ሲነሡ 8 ይቀንሱ። 2017 ሲቀነስ 7 ያው 2010፣ 2018 ሲቀነስ 8 ያው 2010። ሁለቱ መልስ ካልተገናኙ አንዱ ላይ ስተዋል ማለት ነው።

እርስዎ ከመጨረሻው ዓመት 7 ስለቀነሱ የጅማው 2018 ወደ 2011 ሆነ፤ በ2010 ቦታ ደግሞ የ2009 ሻምፒዮን ጊዮርጊስ ገባ። የ2010 ሻምፒዮን ጅማ አባ ጅፋር ነው፤ የ2011 መቐለ 70 እንደርታ ነው። አንድ ቁጥር ሲዛነፍ ከዚያ በላይና በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይንሸራተታል። የሚያሳስበው ደግሞ ሰንጠረዡ ሲያዩት ምንም ያልጎደለው መምሰሉ ነው።

ለማረም አጭሩ መንገድ፣ የማይጠራጠሩባቸውን ሁለት ዓመቶች እንደ ችካል መትከል ነው። 1990 መብራት ኃይል፣ 2003 ኢትዮጵያ ቡና። ዝርዝርዎ ሁለቱ ላይ በትክክል ካረፈ መሃሉ አይስትም። ሁለተኛው ችካል የሚያስፈልገው በመሃል አንድ ዓመት ዘለው እንደሆነ ለመያዝ ነው። ጥንቃቄ የሚሹት የድሮዎቹ ናቸው፦ የፈረንጅ ዓመት ብቻ ተጽፎ ወሩ ካልተገለጸና ውድድሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ የተደረገ ከሆነ የሚቀነሰው 7 ነው። ወሩን ሳያውቁ አይቀይሩ፤ «እ.ኤ.አ.» ብለው እንዳለ ይተዉት።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ መቻልና መከላከያ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ኤልፓስ? ቡና ገበያስ?

መልስ፦ መቻል የጦሩ ቡድን የቆየ ስም ነው፤ በኋላ መከላከያ ተባለ፣ በቅርቡ ደግሞ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመልሷል። ኤልፓ፣ መብራት ኃይል እና ኢትዮ ኤሌክትሪክ አንድ ቤት ናቸው። ቡና ገበያ የዛሬው ኢትዮጵያ ቡና ነው። በ1996 እና በ1999 ዋንጫ ያነሣው አዋሳ ከነማ የዛሬው ሀዋሳ ከተማ ነው። «ከነማ» «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የወጣ ምህጻረ ቃል ሲሆን ጎንደሮች እስከ ዛሬ ይዘውታል፤ ፋሲል ከነማ የ2013 ሻምፒዮን ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሉትን ስሞች ደግሞ ይመልከቱ፦ በ1972 ትግል ፍሬ፣ በ1973 እርምጃችን። የዘመኑን መፈክር ከሰልፉ አንሥቶ ማሊያ ላይ የለጠፈ ይመስላል።

ዝርዝር ሲጽፉ ቡድኑ ዋንጫውን ባነሣበት ዓመት የነበረውን ስም ያስቀምጡ፤ የዛሬውን ከጎኑ በሌላ ዓምድ ያክሉ። የዛሬውን ስም ብቻ ወደ ኋላ ወስዶ መጻፍ ሰንጠረዡን ንጹሕ ያስመስለዋል፤ የዘመኑን ጋዜጣ ገልጦ ለማመሳከር የሚፈልግ ሰው ግን ስሙን አያገኘውም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ)፦ የኤርትራ ቡድኖች በኢትዮጵያ ሻምፒዮኖች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው? አንዳንዱ ያስገባቸዋል፣ አንዳንዱ ይዘላቸዋል።

መልስ፦ መግባት አለባቸው። ሐማሴን በ1947 እና በ1949፣ አካለ ጉዛይ በ1950፣ አሥመራ በ1964 እና በ1965፣ እምባሶይራ በ1966 አሸንፈዋል። ስድስት ዋንጫ ነው። ውድድሩ አንድ ነበር፣ ተጋጣሚዎቹም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ቡድኖች ነበሩ። እነሱን ከዘለሉ ለስድስቱ ዓመት ማንን ሊጽፉ ነው? ሁለተኛ የወጣውን ወደ ላይ ማውጣት ፈጠራ ነው፤ ባዶ መተው ደግሞ ውድድር አልነበረም ያሰኛል። ቦታቸውን ጽፎ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚሻለው። ሐማሴንና አካለ ጉዛይ የአውራጃ ስሞች መሆናቸውን፣ እምባሶይራም በኤርትራ ከተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ተራራ መሆኑን አንድ ቃል ቢያክሉበት የዛሬ አንባቢ ከየት እንደመጡ ወዲያው ይረዳል።

መጀመሪያውኑ ሻምፒዮናው ድብልቅ ነበር። በ1936 ሲጀመር አምስት ቡድን ተሳተፈ፣ አምስቱም ከአዲስ አበባ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን። ያሸነፉት እንግሊዞቹ ናቸው። የዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር የውጭ አገር ወታደሮች ሆኖ ሳለ የአሥመራን ልጆች ለማውጣት ምክንያት መፈለግ ትርጉም የለውም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የ2012 ሻምፒዮን ማን ነው?

መልስ፦ ማንም። በኮሮና ምክንያት ሊጉ በመጋቢት ቆመ፣ በሚያዝያ ጭራሹን ተሰረዘ። ሻምፒዮን አልተባለም፣ ወራጅም አልነበረም። ዓመቱን ከዝርዝሩ አያጥፉት፤ «ተሰርዟል» ብለው ይጻፉበት። በቀጣዩ ዓመት በ2013 ሊጉ በአዲስ አወቃቀር በአክሲዮን ማኅበር እጅ ሆኖ፣ ጨዋታዎቹ በአንድ ጊዜ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፣ በቴሌቪዥን እየተላለፉ ተካሄዱ። በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ሦስት ክለቦች ስላልነበሩ ተሳታፊው 13 ነበር። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያው ዓመት 29 ግብ ማስቆጠሩን ሲያነቡ ታዲያ ይህንን ያስታውሱ፦ በ16 ቡድን ሊግ አንድ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርጋል፣ በ13 ግን 24 ብቻ። ቁጥሩ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ በ2010 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል ነጥብ ነበረን፤ ዋንጫው ግን ለእኛ ሆነ። በምን ሕግ? በየሊጉ አንድ ዓይነት ነው?

መልስ፦ በግብ ልዩነት። ያገባችሁት ላይ የገባባችሁ ተቀንሶ የናንተው በለጠ። በየሊጉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ደንብ መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤትን ያያል፣ አንዳንዱ የግብ ልዩነትን ያስቀድማል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ «ሀ» 20 ነጥብ ይዞ 25 አግብቶ 15 ገብቶበታል፣ ልዩነቱ 10 ነው። «ለ» በእኩል 20 ነጥብ 18 አግብቶ 9 ገብቶበታል፣ ልዩነቱ 9 ነው። ነገር ግን «ለ» «ሀ»ን በሜዳ አሸንፎታል። በአንዱ ደንብ ዋንጫው የ«ሀ»፣ በሌላው የ«ለ» ነው። ሁለቱም ፍትሐዊ ናቸው ሊባል ይችላል። ፍትሕ የሚጓደለው የትኛው እንደሚሠራ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ሲወሰን ነው።

ስለ ጅማ ካነሣን አይቀር፦ አባ ጅፋር ያንን ዋንጫ ያነሣው ከታችኛው ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከአል አህሊ ጋር ተገናኝቶ በግብፅ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመልሱ አገሩ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በድምር ወደቀ እንጂ አልተዋረደም። ባደጉበት ዓመት ሻምፒዮን የመሆኑን ነገር በ2016 ንግድ ባንክም ደግሞታል።

ጥያቄ (ከአንድ ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት)፦ በወረዳችን ዘጠኝ ቡድን ይዘን ሊግ ልንጀምር ነው። ሜዳችን አንድ ነው። ባለፈው ዓመት ፕሮግራሙ ተደበላልቆ አንዱ ቡድን ከሌላው ሁለት ጊዜ ተገናኘ፣ አንዱ ሳይገናኝ ቀረ፤ መጨረሻውም ጠብ ሆነ። እባካችሁ ከመነሻው አስረዱን።

መልስ፦ ከቁጥሩ እንነሣ። ዘጠኝ ቡድን አንድ አንድ ጊዜ ሲገናኝ 36 ጨዋታ ይሆናል (9 በ8 ተባዝቶ ለ2 ይካፈላል)። በደርሶ መልስ 72 ነው። ዘጠኝ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፋል፣ አራት ጨዋታ ይደረጋል። አንዱ ዙር 9 ሳምንት ይፈጃል። አንድ ሜዳ ለዚህ ይበቃል፦ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሁለት፣ የመጀመሪያው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሁለተኛው 9 ሰዓት። እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆን አያስቡት።

የተደበላለቀባችሁ ፕሮግራሙን ሳምንት በሳምንት በእጅ ስላወጣችሁ ነው። ሁሉንም ሳምንት በአንድ ቀን አውጥታችሁ አትሙት። መንገዱ ይኸውላችሁ። ቡድኖቹን በዕጣ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ስጧቸው፣ አሥረኛ አድርጋችሁ «ዕረፍት» የሚል ጨምሩ። በሁለት ረድፍ ጻፉ፤ ከላይ፦ ዕረፍት፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። ከታች፦ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5። ከላይና ከታች ፊት ለፊት ያሉት ይጋጠማሉ፤ ስለዚህ በ1ኛ ሳምንት 9 ያርፋል፣ 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 ይጫወታሉ።

ለሚቀጥለው ሳምንት «ዕረፍት» ካለበት አይነቃነቅም፤ ሌሎቹ ሁሉ እንደ ሰዓት ዘንግ አንድ እርምጃ ይዞራሉ። ከላይ፦ ዕረፍት፣ 9፣ 1፣ 2፣ 3። ከታች፦ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4። በ2ኛ ሳምንት 8 ያርፋል፣ 9 ከ7፣ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። እንዲህ እያላችሁ ዘጠኝ ጊዜ ስታዞሩ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንዴ ይገናኛል፤ የሚያርፈውም 9፣ 8፣ 7 እያለ እስከ 1 በተራ ይወርዳል። የዕረፍቱ ተራ ከተዛባ የሆነ ቦታ ቁጥር ዘላችኋል፤ ከዚያ በፊት ካለው ሳምንት ጀምራችሁ ድገሙት። ለመልሱ ዙር ያንኑ ወስዳችሁ ባለሜዳውን ብቻ ትቀያይራላችሁ።

ቀን አመራረጥ ላይ፦ በኅዳር መጀመሪያ ከጀመራችሁ አንዱ ዙር በጥር መጀመሪያ ገደማ ያልቃል፣ ደርሶ መልሱ 18 ሳምንት ስለሆነ ወደ መጋቢት ይዘልቃል። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ናቸው፤ ሁለቱን ሳምንት ከወዲሁ ባዶ አድርጉና 20 ሳምንት ያዙ። ያኔ የበልግ ዝናብና የዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ይደርስባችኋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የቆየ ልጅ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቢዝል አይፈረድበትም። እኛ ብንሆን ለመጀመሪያ ዓመት አንድ ዙር ብቻ እናደርግ ነበር።

በጀት ስታወጡ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዳኛ አበል ነው። አንድ ጨዋታ አንድ ዋናና ሁለት ረዳት ዳኛ ይፈልጋል፤ 36 ጨዋታ ሲሆን 108 አበል ነው። ኳስ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ ሁለት ይኑር፤ አንዷ ጥሻ ውስጥ ስትገባ አሥር ደቂቃ አትቆሙም። የግቡን ልክ በሜትር ለኩት፦ በቋሚዎቹ መካከል 7.32፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው ሥር 2.44። ከርቀት ሲያዩት ልክ ይመስላል፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ ግን በየዓመቱ እየጎበጠ ይሄዳል፣ መሬቱም በጎርፍ ይሞላልና አግዳሚው ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ጠብ የሚነሣባቸውን ነገሮች ቀድማችሁ ጽፋችሁ የቡድን መሪዎችን አስፈርሙ። አንደኛ፣ ተጫዋች የሚመዘገብበት የመጨረሻ ቀንና የስንት ሰው ዝርዝር እንደሆነ። በታች እርከን ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አንድ ልጅ ለሁለት ቀበሌ ሲሰለፍ ነውና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ቅሬታ በስንት ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንደሚቀርብ። ሦስተኛ፣ ሳይመጣ የቀረ ቡድን በፎርፌ 3 ለ 0 እንደሚሸነፍና ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ። አራተኛ፣ በመሃል የወጣ ቡድን ነገር፦ ከግማሽ በታች ጨዋታ አድርጎ ከወጣ ውጤቱ ሁሉ ይሰረዝ፣ ከግማሽ በላይ ካደረገ የቀረው በፎርፌ ይመዝገብ። ይህ ካልተጻፈ፣ እሱን 6 ለ 0 ያሸነፈው ቡድን አንድ ነገር ይላል፣ ለእሱ የተሸነፈው ሌላ። አምስተኛ፣ ለጅማው አንባቢ እንደመለስነው፣ ነጥብ እኩል ሲሆን የሚታየው ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል።

የመጨረሻው ሳምንት ለብቻው ይታሰብበት። ዋንጫውን የሚመለከቱ ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ካልተጀመሩ፣ በኋላ የሚጫወተው ስንት ግብ እንደሚበቃው አውቆ ይገባል። ሜዳችሁ አንድ ስለሆነ ለዚያች አንድ ቀን የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም የጎረቤት ወረዳ ሜዳ ተዋሱ፤ ኖራ ማስመርና መረብ ማሰር አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ዋዜማውን አሰናዱት።

በመጨረሻ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ግዙ፣ በእስክሪብቶ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር፦ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሳምንቱ፣ የሁለቱ ቡድን ሙሉ ስምና ቀበሌ፣ ውጤት፣ ያገባው ከነደቂቃው፣ ካርድ፣ የዳኛው ስም፣ አስተያየት። የድሬዳዋው አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚከራከሩት እንዲህ ያለ መዝገብ በየቤቱ ስለሌለ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ጽሕፈት ቤት)፦ ኳሱ አንዴ ድንጋይ ይሆናል አንዴ ይለሰልሳል። ስንት መነፋት አለበት?

መልስ፦ 5 ቁጥር ኳስ ክብው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ሲጀመር ከ410 እስከ 450 ግራም፣ የውስጥ ግፊቱ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው። መለኪያው ርካሽ ነው፤ በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት ይሳሳታል።

ድንጋይ የሚሆነው ቆላ ተነፍቶ ደጋ ሲወጣ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ ሲጨምር የውጭ አየር ይሳሳል፤ እዚያ የተነፋ ኳስ እዚህ ሲደርስ በመለኪያው ላይ ወደ 0.12 አትሞስፌር ጨምሮ ይታያል። ብርዱ ደግሞ በተቃራኒው ያለሰልሰዋል፦ በ30 ዲግሪ የተነፋ ኳስ በ15 ዲግሪ ጠዋት ላይ አብዛኛውን ጭማሪ መልሶ ያጣዋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው እንደገና ይጠነክራል። ስለዚህ ቤት ነፍታችሁ አትምጡ፤ ሜዳ ላይ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ ለኩት። መርፌውን ሳታረጥቡ አታስገቡ፤ ደረቅ መርፌ የቫልቩን ጎማ ይቀደዋል፣ ከዚያ በኋላ ኳሱ በየሁለት ቀኑ መነፋት ይጀምራል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ከ1990 ወዲህ ስንት ክለብ ሻምፒዮን ሆኗል? የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ጓደኛዬ «እኛና ሌሎች» ይላል።

መልስ፦ ከ1990 እስከ 2017 ባሉት 28 ዓመታት፣ የተሰረዘውን 2012 ስንቀንስ 27 ዋንጫ ተሰጥቷል። ጊዮርጊስ 16፣ መብራት ኃይል 2 (1990፣ 1993)፣ ሀዋሳ 2፣ ቡና (2003)፣ ደደቢት (2005)፣ ጅማ፣ መቐለ፣ ፋሲል፣ ንግድ ባንክና መድን አንዳንድ። አሥር ክለብ ነው። ጓደኛዎ ከቁጥሩ አልራቀም፤ ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 አራቱን ተከታትሎ ወስዷል፣ በ2009ም የሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኗል።

ነገር ግን ከ2010 ወዲህ ያሉትን ሰባት ዋንጫዎች ለብቻ ይቁጠሯቸው። ጊዮርጊስ ሁለት (2014 እና 2015)፣ የተቀሩት አምስቱ ለአምስት ክለብ፣ አምስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ። ከነዚያ አምስት ሦስቱን፣ የ2010ን ከጅማ አባ ጅፋር፣ የ2011ን ከመቐለ 70 እንደርታ፣ የ2017ን ከኢትዮጵያ መድን ጋር ያነሣው አሠልጣኝ ግን አንድ ሰው ነው፦ ገብረመድኅን ኃይሌ። የክለቦችን ዝርዝር ብቻ የሚያይ ሰው ይህ ስም ያመልጠዋል፤ ጓደኛዎ ሲጠይቅዎ ከዚያ ይጀምሩለት።